ጥቆማ፦ ጎንደር ውስጥ ጆሮ በንጽህና የሚበሳ የት አለ?

የማራኪዋ፦ ሰላም የጎንደር ልጆች። ልጄ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች፣ ጆሮዋን ላስበሳት ነው። አማቴ ለጥምቀት ሎቲ አድርጋ እንድትወጣ ጓጉተዋል። እግረ መንገዴን እኔም የጆሮዬን ላይኛውን ልበሳ ብያለሁ። ወርቅ ቤት በመርፌ፣ ፀጉር ቤት በጆሮ መብሻ ሽጉጥ፣ ወይስ ክሊኒክ? የሞከራችሁትን ጠቁሙኝ።

የአራዳ ልጅ፦ ምን ያስጨንቅሻል፣ ፒያሳ ወርቅ ቤት ሂጂ። የእኛን ቤት ሴቶች በሙሉ፣ እናቴንም ጭምር፣ የበሱት አንድ አባት ናቸው። እጃቸው ቀላል ነው። መግል የሚባል አይተን አናውቅም።

ሄለን ዘአዘዞ፦ እታለም፣ የላይኛውን በሽጉጥ እንዳትበሺ! እኔ አንድ ፀጉር ቤት ተበሳሁ፣ ሽጉጡን በአልኮል ጠረግ አድርገው ቀጥታ ጆሮዬ ላይ። ከቀናት በኋላ ጆሮዬ ቀልቶ አበጠ፣ በዚያ ጎን መተኛት አቃተኝ። ሆስፒታል ተቀድዶ መግሉ ወጣ። ዳነ፣ ግን የላይኛው ጫፍ እንደተጨማደደ ወረቀት ኩርምት ብሎ ቀርቷል። ፀጉሬን ወደ ኋላ አላስይዝም አሁን።

ቃልኪዳን፦ ውይ! የትኛው ቤት ነው? ስሙን ንገሪንና ሌላው ይዳን።

ሄለን ዘአዘዞ፦ ስም አልጠራም። ሽጉጥ ካለበት ቤት ሁሉ ራቁ፣ በቃ።

የአራዳ ልጅ፦ አየሽ? ወርቅ ቤት ብትሄጂ ይሄ ባልደረሰብሽ። እኒህ አባት ግን...

ቃልኪዳን፦ እጃቸው ቀላል ስለሆነ ቫይረሱም ቀልሎት ይሄዳል አይደል? መርፌውን በምን እንደሚያጸዱት ጠይቀህ ታውቃለህ?

የአራዳ ልጅ፦ እናቴ ጤነኛ ናት፣ እህቶቼም ጤነኛ ናቸው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?

የቀሃ ልጅ፦ ከተነሣ አይቀር፣ የእናቴን የአንገት ንቅሳት በሌዘር የሚያጠፋ ጎንደር አለ?

ቃልኪዳን፦ ለምን ይጠፋል? ያምራል እኮ!

የቀሃ ልጅ፦ እሷ ናት የፈለገችው። በልጅነቷ ያለፍላጎቷ ነው የተነቀሰችው፤ የመንደሩን ሴቶች ልጆች አሰልፈው በአንድ መርፌ ከጥቀርሻ ጋር።

ሲስተር ማ፦ ነርስ ነኝ። «በአንድ መርፌ» ያልከው ነገር ነው ዋናው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ተላላፊ ሆኖ ይቆያል፤ ደሙ በዓይን ላይታይ ይችላል። ብዙ ሰው በሽታው ሳያሳምመው ዓመታት ይኖራል፣ ጉበቱ ግን ይጎዳል። ስለዚህ «ማንም አልታመመም» ማለት ማስረጃ አይሆንም ወንድሜ። በአልኮል መጥረግም በእሳት ለብለብ ማድረግም አያስተማምንም። መሣሪያ የሚጸዳው በአውቶክሌቭ ነው፤ በ121 ዲግሪ እንፋሎት፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ። የፀጉር ቤቱ ሽጉጥ አብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ እዚያ ቢገባ ይቀልጣል።

ሄለን፣ ያንቺን ያባባሰው ቦታውም ነው። የላይኛው ጠንካራ ክፍል የራሱ የደም ሥር የለውም፣ መድኃኒት እንደልብ አይደርስለትም። ሽጉጡ ደግሞ ይጨፈልቀዋል።

የማራኪዋ፣ ሕፃኗን አታስቸኩያት። አምስት በአንዱ ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ ሄፓታይተስ ቢንም ቴታነስንም ይዟል። ሦስተኛውን ጨርሳ ትበሳ። አንቺ ግን ምናልባት የሄፓታይተስ ቢን አልተከተብሽም፤ እዚህ አገር ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ተመርምረሽ ነጻ ከሆንሽ ሦስት ዙር ተከተቢ። ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለውም፤ እዚህ ላይ ዋናው መከላከያ ንጹሕ መርፌ ነው። የትም ሂጂ፣ መርፌው ዓይንሽ እያየ ከታሸገበት ይከፈት፣ ጓንቱም አዲስ ይሁን። እምቢ ካሉሽ ተነሥተሽ ውጪ።

የአራዳ ልጅ፦ እኒህ አባት አዲስ መርፌ ይዘሽላቸው ብትሄጂ እምቢ አይሉም።

ሲስተር ማ፦ የታሸገና ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ይሁን እንጂ፣ የልብስ መርፌ አይደለም።

ቃልኪዳን፦ ቤተሰብሽ ውስጥ ጠባሳው እያበጠ የሚያድግበት ሰው ካለ የላይኛውን ተይው። የአክስቴ ልጅ ጆሮ ላይ ኬሎይድ ወጥቶ ቢቆረጥ ተመልሶ መጣ።

የቀሃ ልጅ፦ ሌዘሩን የመለሰልኝ የለም።

ሲስተር ማ፦ መጀመሪያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አሳያት፤ ለቆዳዋ የሚሆነውን እነሱ ይነግሯችኋል። ጥቁር ቆዳ ላይ ሌዘር ያለ ባለሙያ ከተነካ ነጭ ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል።

የማራኪዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሲስተር። እና ከተበሳች ስንት ጊዜ ይፈጃል? አማቴ ቀን ቆርጠዋል።

ሲስተር ማ፦ የታችኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት፤ ያንቺ የላይኛው ወራት ይፈጃል፣ ዓመትም ሊደርስ ይችላል። ቅቤ አትቀቢው፣ በንጹሕ የጨው ውሃ እጠቢው። ጥር 11 ፋሲል መዋኛ ዘለሽ እገባለሁ ካልሽ ደግሞ ቁስሉ ሳይድን አይሆንም፤ ብዙ ሰው የገባበት ውሃ ነው።

ሄለን ዘአዘዞ፦ ርካሽ ሎቲም እንዳታደርጉላት፣ ኒኬል ያሳክካል። የእኔዋ ልጅ 18 ካራት ስናደርግላት ነው የተዋት።

የአራዳ ልጅ፦ ለወርቁ እኒያው አባት ጋ...

የማራኪዋ፦ 18 ካራት የሕፃን ሎቲ አሁን ስንት ገባ?