ፋብሪካው የታመሙትን ሠራተኞች ስም ጠየቀኝ፣ አማካሪዬም «ስጪያቸው» አሉኝ። ምን ላድርግ?

የሰኞ ገበያ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነኝ፣ በሕብረተሰብ ጤና የማስተርስ ቴሲሴን እየሠራሁ ነው። የማጠናው ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎችን ነው። የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ምን እያደረገው እንደሆነ ነው ጥያቄዬ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ስወጣ ከርሜ መጠይቅ አስሞልቻለሁ፣ ትንፋሻቸውንም በስፓይሮሜትር (የሳንባን አቅም በሚለካ መሣሪያ) ለክቻለሁ። ኢቲካል ክሊራንስ (የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ) አለኝ። እያንዳንዱን ሰው «የምትነግሩኝን አለቆቻችሁ አያዩትም» ብዬ ነው ያስፈረምኩት። መጠይቁ ላይ ኮድ ብቻ ነው ያለው። ስምና ስልክ ለብቻ የያዝኩት ውጤታቸውን ልነግራቸው ስለሆነ ነው።

መረጃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የሰው ኃይል ክፍሉ ጠራኝ። «ደረታቸውን የሚያማቸውን በስም ስጪን፣ እናሳክማቸዋለን፣ የሥራ ቦታም እንቀይርላቸዋለን» አሉኝ። አማክሬ ልመለስ ብዬ ወጣሁ። አማካሪዬ ደግሞ «ስጪያቸው እንጂ! የገባነው በእነሱ ፈቃድ ነው። ከተቀየሙ ቀሪውን አትጨርሺም፣ ከአንቺ በኋላ የሚመጣ ተማሪም በሩን አያገኝም» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ፋብሪካውንም በራሳቸው ትውውቅ ነው ያስገኙልኝ። ግን ሠራተኞቹ አምነውኝ ነው የነገሩኝ። ቴሲሱ ደግሞ ያለ እሳቸው ፊርማ አይገባም። የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መምህር ከሆጤ

አትስጪ እህቴ። የኢቲክስ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ይሄ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል።

አማካሪሽ ሁለት ፈቃዶችን አንድ አድርገዋቸዋል። የፋብሪካው ደብዳቤ በሩን ያስገባሻል፣ ከዚያ አያልፍም። የሠራተኛዋን ደረት የሚመለከተው መረጃ የሠራተኛዋ ነው፣ እሷ ደግሞ የፈቀደችው ለጥናቱ ብቻ ነው። ኮሚቴው ያጸደቀውም ፕሮፖዛልሽ ውስጥ የተጻፈውን ነው። መረጃው ለሌላ ወገን እንዲሰጥ ከተፈለገ ለኮሚቴው የማሻሻያ ጥያቄ ይቀርባል፣ እያንዳንዱ ተሳታፊም እንደገና ይጠየቃል። በአማካሪ ቃል የሚቀየር ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውና እስከ 2024 ድረስ የተሻሻለው የሔልሲንኪ መግለጫ፣ ማለትም በሰው ላይ ለሚደረግ የሕክምና ምርምር የወጣው ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ሰነድ፣ የተሳታፊን ምስጢር መጠበቅ የተመራማሪው ግዴታ ነው ይላል። ተሳታፊው ፈርሞም ቢሆን ኃላፊነቱ ወደ ተሳታፊው አይዞርም። የእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ ይሄ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰፈር

እኔ ትንሽ እለያለሁ። በሌላ ፋብሪካ የሥራ ደህንነት ባለሙያ ነኝ። ሰዎቹ ታመዋል እኮ። ድርጅቱ ልጠብቃቸው ሲል «አልነግርህም» ማለት ራሱ ጉዳት አይደለም ወይ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አሠሪው የሠራተኛውን ጤና የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ካርዲንግ (ጥጡ የሚበጠርበት ማሽን) ላይ የቆመ ሰው ብናኙን እየዋጠ እንዲቀጥል ስም ተደብቆ ማን ተጠቀመ? ሁሉም አሠሪ ክፉ ነው ብለን ከጀመርን ምንም ነገር አይስተካከልም። ኮሚቴ ኮሚቴ ስንል የሰው ሳንባ እንዳይጠፋ ነው የምፈራው።

ፈታዩ

ወንድሜ፣ አንተ ቢሮ ሆነህ ነው የምታየው። እኔ መፍተያ ክፍል ነኝ። እረፍት ውዬ በመጀመሪያው ቀን ስገባ ደረቴ ጥብቅ ይላል፣ ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ ይለቀኛል። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። ለአለቃ ግን አንናገርም። ብዙው ሰው በኮንትራት ነው ያለው፣ ሲያልቅ «አልታደሰም» ይባላል፣ ለምን ብለህ የምትከራከርበት ወረቀት የለህም። ቦታ እንቀይራለን ማለትም ጥሩ ይመስላል፣ የተቀየረው ሰው ግን ደሞዙ ዝቅ ይበል አይበል ማን ነግሮት ያውቃል?

እህቴ፣ እነዚያ ሰዎች የነገሩሽ እኛ ለሚስት እንኳ የማንነግረውን ነው። አንድ ጊዜ ስም ከወጣ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ተማሪ ሁሉ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ነው የምንለው። ያኔ ጥናታችሁ ሁሉ ፋብሪካ ውስጥ በሽታ የለም ይላል።

መምህር ከሆጤ

ፈታዩ የተናገረው ትልቅ ነገር ነው። ያለው የደረት መጥበቅ፣ ከእረፍት በኋላ በመጀመሪያው ቀን የሚብሰው፣ የቢሲኖሲስ፣ ማለትም ከጥጥ ብናኝ የሚመጣው የሳንባ በሽታ፣ ዋና ምልክት ነው። እሱን ለማወቅ ደግሞ ከሠራተኛው አፍ በቀር መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ምስጢሩ ከፈረሰ መረጃውም አብሮ ይፈርሳል።

ወንድሜ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሐሳብህን አልጥልም፣ ቀና ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሲኦምስ (CIOMS) ዓለም አቀፍ የጤና ምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ ጥናት በሚካሄድበት ቦታ የሚሠሩ ሠራተኞችን ተጋላጭ ሊሆኑ ይችላሉ ከሚላቸው ውስጥ ይጠቅሳል። ከበላያቸው ያለ ሰው ሲጠይቃቸው «እምቢ» ማለት ስለሚከብዳቸው ነው። ድርጅቱ መርዳት ከፈለገ የማንንም ስም ሳይጠይቅ ሁሉንም ያስመርምር።

ሸዋ በር

ቀላል ነው፣ ዝርዝሩን ቅደጂውና «ጠፋብኝ» በያቸው። ጣጣሽ አለቀ።

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ

እባክህ እንዲህ አይነት ምክር አትስጥ። ዝርዝሩ ከተቀደደ ትንፋሹ የወረደበትን ሰው እንዴት ልታገኘው ነው? ውጤትሽን እነግርሻለሁ ብላ ቃል ገብታለች እኮ። ደግሞ በውሸት የተጀመረ ነገር ነገ ዲፌንስ ላይ (ቴሲሱን በፈታኞች ፊት ስታቀርብ) ሲጠየቅ እሷው ናት የምትወድቀው።

የሰኞ ገበያ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ፈታዩ በተለይ አንተን። አልሰጥም፣ ይሄ ቁርጥ ሆኗል። አሁን የጨነቀኝ አማካሪዬ ናቸው። እንዴት ነው የምነግራቸው? በእድሜም በእውቀትም የሚበልጡኝ ሰው ናቸው፣ «ተሳስተዋል» ማለት አልችልም።

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ

አብሽሪ እህቴ፣ «ተሳስተዋል» ማለት አይጠበቅብሽም። እኔ ሦስተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው፣ ከእንደነዚህ አይነት ሰዎች ጋር ብዙ ተነጋግሬያለሁ። ነገሩን በአንቺና በእሳቸው መካከል አታድርጊው፣ በአንቺና በተፈረመው ወረቀት መካከል አድርጊው። መጀመሪያ በአካል ሂጂ። ቢሯቸው ሰው በሌለበት ሰዓት ቢሆን ይሻላል፣ ሰው ፊት ከሆነ ለመመለስ ይከብዳቸዋል። የስምምነት ፎርሙንና ፕሮፖዛሉን ይዘሽ ግቢ። «ዶክተር፣ ፕሮፖዛሉን ድጋሚ ሳነበው ስም እንደማይሰጥ እኔም እርስዎም የፈረምንበት ሆኖ አገኘሁት፣ ብሰጥ ሁለታችንም እንጠየቃለን ብዬ ሰጋሁ» በያቸው። እውነት ነው፣ ፕሮፖዛሉ ላይ የእሳቸውም ፊርማ አለ። ብዙ አማካሪ እዚህ ላይ ይቆማል። የፋብሪካውን ሰው ላለማስቀየም ብለው በችኮላ የተናገሩት ሊሆን ይችላል።

ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ። ለፋብሪካው በስም ፈንታ የምትሰጪው ነገር ይኑርሽ፦ በየክፍሉ ስንት ከመቶው ምልክት እንዳለው የሚያሳይ አጭር ሪፖርት። ፋብሪካውም አይቀየምም፣ እሳቸውም ትውውቃቸው አይበላሽም።

ከዚያ በዚያው ቀን አጭር ኢሜይል ጻፊላቸው። «ዛሬ እንደተነጋገርነው የስም ዝርዝሩ በፕሮቶኮሉ መሠረት በእኔ ዘንድ ይቆያል፣ ለፋብሪካው ጥቅል ሪፖርት አዘጋጃለሁ» ይበቃል። ክስ አይምሰል፣ ግን ይጻፍ። እምቢ ካሉ ወደ ኮ-አድቫይዘርሽ፣ ከዚያ ወደ ዲፓርትመንቱ የድህረ ምረቃ አስተባባሪ። የኢቲክስ ኮሚቴውን ጸሐፊ ደግሞ ማንንም ሳትከሺ «እንዲህ ያለ ጥያቄ ከፋብሪካው ቀርቦልኛል፣ በጽሑፍ መልስ ስጡኝ» ማለት ትችያለሽ። የኮሚቴው ደብዳቤ ከመጣ አማካሪሽም ለፋብሪካው የሚያሳዩት ነገር አገኙ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እዚሁ አትመልሺልኝ፦ አማካሪሽ ለዚያ ፋብሪካ በክፍያ የሚሠሩት ሥራ አለ? ካለ ለኮሚቴው መነገር ነበረበት። ካለም ከሆነ ነገሩን ብቻሽን አትያዢው።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰፈር

ይሄን ስላነበብኩ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ በተለይ ፈታዩ ስለ ኮንትራት ያለው። የእኔ ድርጅት ቢሆን ጥቅል ሪፖርቱ በቂዬ ነው። ብሎው ሩም (ጥጡ ተፈትቶ የሚጸዳበት ክፍል) እና ካርዲንግ ላይ ብናኙ እንደሚበዛ ከታወቀ የሚስተካከለው ማሽኑና አየር ማውጫው ነው፣ ለዚያ የማንም ስም አያስፈልገኝም። ሪፖርቱን ስትጽፊ ይህን ከፊት አድርጊው፣ ማኔጅመንት የመጀመሪያውን ገጽ ነው የሚያነበው።

የሰኞ ገበያ ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ልሄድ ነው። የመጨረሻ ሁለት ጥያቄ። አንዱ ክፍል ውስጥ ያሉት በጣም ጥቂት ናቸው፣ በክፍል ብሰጥ ማን እንደሆነ አይታወቅም ወይ? ሌላው፣ ትንፋሿ በጣም የወረደ አንዲት እናት አለች፣ እሷን እንዴት ላድርግ?

መምህር ከሆጤ

የመጀመሪያውን ጥሩ አስበሻል። ጥቂት ሰው ያለበትን ክፍል ከጎረቤቱ ጋር ደምረሽ አንድ አድርጊው። ክፍል፣ እድሜና የአገልግሎት ዘመን አንድ ሠንጠረዥ ላይ አትደርድሪ፣ ሦስቱ ከተገናኙ ስም ባይጻፍም ሰውየው ይታወቃል። ኮዱንና ስሙን የሚያገናኘውን ዝርዝር በዲፓርትመንቱ ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጪ፣ በቴሌግራምም አትላኪ። ለአማካሪሽ የምትልኪው ዳታ ኮድ ብቻ ያለበት ይሁን። ውጤቱን ለሁሉም ነግረሽ ስትጨርሺ ፕሮቶኮልሽ በሚለው ጊዜ አጥፊው።

ሁለተኛውን ሳትዘገዪ አድርጊ፣ ዲፌንስሽን አትጠብቂ። ለእናቲቱ ራሷ ደውይላትና ከፋብሪካው ግቢ ውጭ አግኚያት። ውጤቱን በወረቀት በእጇ ስጫት። በአንድ ልኬት በሽታ እንደማይባል፣ ግን መደገም እንዳለበት ንገሪያት። ከእረፍት በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ ከፈረቃ በፊትና በኋላ ቢለካ ልዩነቱ ብዙ ይናገራል። የሪፈር ወረቀት ለደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አጽፊላት። ሐኪሙ ችግሩ ከሥራው የመጣ ነው ካለ ካሳ የመጠየቅ መብት ሊኖራት ስለሚችል ወረቀቶቹን እንዳትጥል ንገሪያት። ለአለቃዋ መንገር አለመንገሩን እሷ ትወስናለች። ንገሪልኝ ካለችሽም በጽሑፍ አስፈርመሻት ነው።