«ባለሀብቱ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል»፦ የሐዋሳ ልጆች ክርክር

የታቦር ልጅ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንዱ እንግዳ ምን አለ መሰላችሁ? «የአውሮፓ ህብረት ሀብታም ስለሆነ ለ27ቱም አገር አንድ ዝቅተኛ ደመወዝ ቆርጧል። እኛ የደመወዝ ወለል ካስቀመጥን ባለሀብቱ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል።» ደሜ ፈላ። የማንን ሻንጣ ነው የምንጠብቀው?

ጥብቅና፦ መጀመሪያ ነገር፣ ተሳስቷል። አንድ ደመወዝ የሚባል የለም። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ሉክሰምበርግ በወር 2,638 ዩሮ፣ ቡልጋሪያ 551 ዩሮ ነበር። የ2022ቱ የህብረቱ የዝቅተኛ ደመወዝ መመሪያም መጠን አይቆርጥም። ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ኦስትሪያና ጣሊያን ደግሞ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ጭራሽ የላቸውም። ዴንማርክ እንዲያውም መመሪያውን ፍርድ ቤት ወስዳዋለች። በ2025 ኅዳር አብዛኛው ጸንቶ ጥቂቱ ተሰረዘ።

ኤችአር በዕድሜ፦ አያችሁ! ዴንማርክም የላትም፣ እኛም የለንም። ምን ያንጫጫል ታዲያ?

መስመር 7፦ አይ ወንድሜ! ዴንማርክ ውስጥ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይቆርጣል። እኛ ፋብሪካ የስፌት መስመር ላይ ስለ ማኅበር ያወራች ልጅ በማግስቱ ወደ ማሸጊያ ትዛወራለች። የራሴን ወረቀት ልንገርህ፦ መሠረታዊ፣ ትራንስፖርት፣ የመገኘት ጉርሻ። አንድ ቀን ታምሜ ቀረሁ፣ የሐኪም ወረቀት አመጣሁ። ጉርሻው ግን ዜሮ ሆነ። ሱፐርቫይዘሯ «የሕመም ፈቃድ ደመወዝሽን እንጂ ጉርሻሽን አያድንም» አለችኝ።

ኤችአር በዕድሜ፦ ጉርሻ መብት አይደለም እህቴ። ለዚያ ነው ጉርሻ የተባለው።

መስመር 7፦ ያለ ጉርሻው ኪራይ አይከፈልም። ወር ሙሉ የምንቆጥረው እሱን ነው።

የታቦር ልጅ፦ ወደ ሻንጣው እንመለስ። ፒቪኤች የሚባለው የአሜሪካ ልብስ ድርጅት ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርካችን በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ የወጣው ደመወዝ ተወዶበት ነው? በጦርነቱ ሰሞን አይደል እንዴ? ከ2022 ጥር ጀምሮ ደግሞ አጎዋ፣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የምንሸጥበት ዕድል፣ ተቋረጠ። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ሲያጠና የእኛ አገር የልብስ ስፌት ሠራተኛ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፣ በዓለም ዝቅተኛው። ርካሽ መሆን ማንን አስቀረልን?

ኤችአር በዕድሜ፦ ሌሎቹ ቀርተዋል። እነሱንም አባርራቸውና እፎይ በል።

አሞራ ገደል፦ ኬንያ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ አላት። እዚያ አቲ ሪቨር ያሉት የልብስ ፋብሪካዎች ስፌት ቆሟል?

ኤችአር በዕድሜ፦ ኬንያ ወደብ አላት ጌታዬ።

አሞራ ገደል፦ ቅድም ደመወዝ ነበር፣ አሁን ወደብ ሆነ። ነገ ዝናብ ትላለህ።

ጥብቅና፦ ሻንጣው እኮ እዚያው አውሮፓም ይዞራል። ላቫል የሚባል የላትቪያ ድርጅት ስዊድን ቫክስሆልም ውስጥ ትምህርት ቤት ሊሠራ ሠራተኞቹን ከአገሩ አመጣ። የስዊድን ማኅበራት ከአሠሪዎች ጋር በሚፈራረሙት የደመወዝ ስምምነት አልከፍልም አለ። ማኅበራቱ ግንባታውን ዘጉት። በፈረንጆቹ 2007 የህብረቱ ፍርድ ቤት ለድርጅቱ ፈረደ። ጫጫታው ግን አልቆመም፤ በፈረንጆቹ 2018 የህብረቱ ሕግ ተሻሽሎ ተልኮ የመጣ ሠራተኛ እንደ አገሬው ይከፈለው ተባለ። የእኛስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ በደንብ ይቋቋማል ብሎ በግልጽ ጽፏል። የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን ኢሠማኮ ስንቴ ጠየቀ?

ኤችአር በዕድሜ፦ እሺ ቦርዱ ይምጣ። ስንት ይቁረጥ? ቁጥር ጥሩልኝ።

የታቦር ልጅ፦ ቁጥሩን አንተ ታውቀዋለህ፣ ፔይሮሉ እጅህ ላይ ነው።

ኤችአር በዕድሜ፦ ኤችአር መሆን ስድብ ሆነ እንዴ? እኔም ተቀጣሪ ነኝ።

አከራይ ነኝ፦ ልጆች፣ ደመወዙ ቢጨመር ማን ይወስደዋል? በርበሬውም ሲሚንቶውም ጨምሯል።

መስመር 7፦ ጋሼ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ነው የምናድረው። ሁለታችን የሌሊት ፈረቃ ስንወጣ ሁለቱ ፍራሹ ላይ ይተኛሉ። ባለፈው ኪራይ ጨመሩብን። ደመወዛችን ላይ የተጨመረ ሳንቲም ግን የለም።

አከራይ ነኝ፦ ውሃና መብራቱን ማን ሊከፍል ነው ልጄ?

ጥብቅና፦ ኪራይን የሚቆጣጠር አዋጅ ወጥቷል፣ 1320/2016። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የቱ ከተማ ላይ እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ነው።

አከራይ ነኝ፦ አንተ ደግሞ ለሁሉም ነገር ቁጥር አለህ። የራስህን ቤት ስንት ነው የምታከራየው?

ጥብቅና፦ እሱ ከርዕሱ ውጭ ነው።

አሞራ ገደል፦ መልሱ ተገኘ።