«ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ለሞተር እሽቅድምድም ይሆናል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ሰፈር ያሉ የባጃጅ ልጆች ሰሞኑን ስፒድዌይ የሚባል የሞተር ሳይክል ውድድር በስልካቸው ማየት ይዘዋል። የግሉን አይደለም፤ አገር ከአገር፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚገጥሙበትን ነው። ሻይ ቤት አንዱ ውጤቱን አይቶ «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» አለ። ሌላው «ይሄ ተረት ለጠብ እንጂ ለእሽቅድምድም አይሆንም» ብሎ ያዘው። ማናቸው ናቸው ልክ? ውድድሩንስ በአማርኛ ምን እንበለው? ጥንድ? ጥማድ? ቅንጅት?

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ፦
የተረቱ መነሻ ጉልበት ነው። ብቻህን የማትችለውን ሰው ሁለት ሆናችሁ ግጠሙት ማለት ነው። ግን እኛ ጋ ለሙግትም ለሸክምም ይባላል። ለጠብ ብቻ ያለው ልጅ አጥብቦታል።

መልስ፣ ከሸዋሮቢት፦
በስፒድዌይማ ተረቱ ሕግ ሆኖ ነው የተጻፈው! በአንድ ዙር ውድድር አራት ሰው ይሰለፋል፣ ከየአገሩ ሁለት ሁለት። እንቁላል ቅርጽ ባለው የአፈር ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ አራት ጊዜ ይዞራሉ። በተለመደው አቆጣጠር አንደኛ 3፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1 ነጥብ ያገኛል፣ መጨረሻ የወጣው ባዶ። እንግዲህ የኔ ልጅ አንደኛ ወጥቶ ጓደኛው መጨረሻ ከቀረ 3 አለኝ። ያንተዎቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ከወጡ እነሱም 3። እኩል ነን።

በ2018 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአገሮች ስፒድዌይ ውድድር ግን ነጥቡን 4፣ 3፣ 2፣ 0 አድርጎታል። አሁን ደምሩት። አንደኛና መጨረሻ 4፣ ሁለተኛና ሦስተኛ 5። ብርቱው ቀድሞ ገብቶ አገሩ ተሸነፈች ማለት ነው። ስለዚህ ከፊት ያለው ዝም ብሎ አይፈተለክም። ዞር ብሎ ጓደኛውን ያያል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መታጠፊያው ላይ መንገድ ዘግቶ ይከልልለታል። ለኔ የውድድሩ ጣዕም እዚህ ላይ ነው፤ ፍጥነቱን ማንም ያደርገዋል። የሻይ ቤቱ ልጅ ይህን አይቶ ከሆነ ያለው፣ ቡናው በኔ ይሁን።

መልስ፣ ከአንኮበር (ጡረተኛ የአማርኛ መምህር)፦
ልጆቼ፣ ስለ ስያሜው ልጨምር። «ጥንድ» አይጠላም፤ ለቴኒሱም የምንለው እሱን ነው። «ጥማድ» ግን ያደናግራል፤ ሁለቱን በሬም፣ ሁለቱ በሬ በቀን የሚያርሱትን መሬትም ነውና። «ቅንጅት» ካላችሁ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ወደ 1997 ዓ.ም. ምርጫ ይሄድባችኋል፤ ወሬው እዚያው ይቀራል።

እኔ የምመርጠው «መቀናጆ»ን ነው። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አንድ ላይ ጠምደው በየተራ ያርሳሉ። እርሻው ሲያልቅ እያንዳንዱ በሬውን ነድቶ ይገባል። የሞተረኞቹም ነገር እንደዚያው ይመስለኛል። በ1970 እ.ኤ.አ. ስዊድን ማልሞ ላይ የመጀመሪያውን ይፋዊ የዓለም ጥንድ ሻምፒዮና ያሸነፉት ኒውዚላንዳውያኑ አይቫን ማውገርና ሮኒ ሙር ናቸው። ሙር ቀደም ብሎ ሁለት ጊዜ በግሉ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ማውገርም በዚያው ዓመት የግሉን ዋንጫ ወስዷል። ሁለቱም የየራሳቸው በሬ ነበራቸው፤ ለአንድ ቀን ተቀናጁ።

ጠያቂ፦
መምህር እናመሰግናለን፣ ዕድሜ ይስጥልን። አንድ ልጨምር፦ ሞተሮቹ «ፍሬን የላቸውም» ይላሉ። ይሄ እንደኛው አነጋገር ነው ወይስ እውነት?

መልስ፣ ከደብረ ሲና፦
እውነት ነው። 500 ሲሲ ሞተር፣ አንድ ማርሽ፣ ነዳጁ ሜታኖል፣ ፍሬን የሚባል የለም። እኛ ሰውን «ፍሬን የለውም» ስንል ስድብ ነው፤ አፉን ወይም ኪሱን መያዝ የማይችል ማለታችን ነው። ጣርማ በርን ቁልቁል የሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር ይህን ቃል ሲሰማማ ስድብነቱንም ይረሳዋል። እዚያ ግን ፍሬን አለመኖሩ ለደኅንነት ነው። አንዱ ድንገት ቢይዝ ከኋላው ያሉት ይከመሩበታል። ፍጥነት የሚቀንሱት ነዳጁን በመመጠንና የኋላ ጎማቸውን በማንሸራተት ነው፤ ልጆቹ «ድሪፍት» የሚሉት። ግራ እግራቸውን መሬት ላይ ስለሚጎትቱ ጫማው ሥር ብረት ያስራሉ።

መልስ፣ ከሸዋሮቢት፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መቀናጆ ላይ ትንሽ ቅሬታ አለኝ። ቡድኑ ተጠባባቂም ይይዛል። በ1993 እ.ኤ.አ. የመጨረሻውን የዓለም ጥንድ ሻምፒዮና የወሰዱት ስዊድኖች ሦስት ነበሩ። ሦስተኛውን በሬ ምን ልንለው ነው?

መልስ፣ ከአንኮበር፦
ሦስተኛውንማ ከኳሱ ተዋሱለት፤ ተጠባባቂ በሉት። ቀንበሩ ሁለት አንገት ነው ያለው።