እናቴ ጭንቅላት ውስጥ ስብ ተገኘ፤ ቅቤ ነው ያመጣው?

የቤቱ ታናሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 64 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ሻወር ቤት አዳልጧት ወደቀች፤ ጭንቅላቷን ተመታች። ድንገተኛ ክፍል ወስደናት ሲቲ ስካን ተነሳች። ተረኛው ሐኪም ምስሉን አየት አድርጎ «አየር ገብቷል፣ አጥንት ሳይሰበር አይቀርም» አለን። ጉልበቴ ከዳኝ። ማታ የራዲዮሎጂስቱ ሪፖርት ሲመጣ ስብራትም የለ፣ አየርም የለ። «ፔሪካሎሳል ሊፖማ» ይላል። ምንድነው ስንል «ስብ ነው፣ አታስቡ» ብለው ሸኙን። በቃ።

እማዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅቤ አልነካም ብላለች። ዶሮ ወጥ በዘይት! ካንሰር ነው? የቱ ጋ ነው ያለው? ስብና አየርስ እንዴት ይምታታል?

ፊልም አንባቢ፦
ራዲዮሎጂ ነው የምሠራው። ቅቤው የለበትም። እናታችን ይዘውት ነው የተወለዱት። ፅንስ እያሉ የአንጎል ሽፋን መሆን የነበረበት ነገር ስብ ሆኖ ቀረ። ካንሰር አይደለም።

ቀኝና ግራ አንጎልን የሚያገናኝ ድልድይ አለ፤ ኮርፐስ ካሎሰም ይባላል። ስቡ እሱ ላይ ተለጥፎ ነው ያለው። እንዲህ ዓይነት ስብ ብርቅ ነው፤ ሲገኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው።

አየር ያሉት ወደው አይደለም። ለአንጎል በተስተካከለው ማሳያ ስብም አየርም ጥቁር ነው። የሚለያቸው ቁጥሩ ነው። ሲቲ ስካን የነገሮችን ጥግግት በሚለካበት በሀውንስፊልድ ልኬት ውሃ 0 ነው፣ አየር -1000 አካባቢ፣ ስብ ከ-50 እስከ -100። ማውዙን ጥቁሩ ላይ አስቀምጦ ማንበብ ነው። ሌላም ዘዴ አለ፤ ማሳያው ከጥቁር እስከ ነጭ የሚያሳየውን የቁጥር ክልል ሰፋ ስታደርገው ስቡ ግራጫ ይሆናል፣ ልክ ከዓይን ኳስ ጀርባ እንዳለው ስብ። አየር ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ሪፖርቱ ስለ ቅርጹ ምን ይላል?

የቤቱ ታናሽ፦
«ቀጭን፣ ቆልመም ያለ፣ ከኋላ በኩል፣ 4 ሚሊ ሜትር»። -82 የሚልም አለ።

ፊልም አንባቢ፦
-82 ካለ አለቀ፣ ስብ ነው። ቀጭኑ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ድልድዩን አይነካም። ከፊት በኩል ያለው ወፍራሙ ነው ብዙ ጊዜ ድልድዩ ፅንስ ላይ በደንብ ሳይፈጠር ከመቅረት ጋር የሚመጣው። በዚህ ዕድሜ፣ ያውም በአጋጣሚ የተገኘ፣ የሚነካው የለም።

ጆሮዬ ይጮሃል፦
የኔ ደግሞ የመስሚያ ነርቭ አጠገብ ነው። ግራ ጆሮዬ እየደከመ ሲሄድ ኤምአርአይ ታዘዘልኝ። ምስሉን የሚያደምቅ መድኃኒት ተወግቼ የተነሳሁትን ብቻ ያየ አንድ ሐኪም «የነርቭ እጢ ነው፣ ይውጣ» አለኝ። ሌላዋ ሐኪም ከመርፌው በፊት የተነሳውን ከፈተችው። ያኔም ነጭ ነበር! የነርቭ እጢ ቢሆን እንዲህ ነጭ የሚሆነው ከመርፌው በኋላ ነበር። ከዚያ የስብን ብርሃን የሚያጠፋውን ምስል አሳየችኝ፤ ነጩ ጥቁር ሆነ። «ነርቭህ በስቡ መሃል ነው የሚያልፈው፣ ስቡን ልላጥ ብል ነርቭህን ይዤው እመጣለሁ» አለችኝ። አልተነካሁም። ጆሮዬ አሁንም ይጮሃል፣ ለምጄዋለሁ።

የቤቱ ታናሽ፦
እግዜር ይስጥልን። ሁሉንም ለእማዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «ይዤው ከተወለድኩማ፣ እናቴ ናት ቅቤ ታበዛ የነበረችው» አለች። ቅቤው ገና አልተመለሰም።