ፈረስ ደርድሮ መወራረድ በሐዋሳ ይከልከል ወይስ ይቀጥል?

መምህሩ፦
ጤና ይስጥልኝ የሰፈሬ ሰዎች። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ የምኖረውም አቶቴ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ የቤቲንግ ቲኬት ይዞ መጣ። ስክሪን ላይ ከሚሮጡት ስድስት የኮምፒውተር ፈረሶች አራቱን መርጧል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያሉትን ሦስቱን ቦታዎች የያዙት በሙሉ ከአራቱ ውስጥ ከሆኑ፣ ማንም ከማን ይቅደም፣ ገባለት ማለት ነው። ደርድሮ መወራረድ የምለው እንዲህ ያለውን ነው። «መምህር፣ ከስድስት አራቱን ይዤ እንዴት ነው ሁሌ የምከስረው?» አለኝ። አዘንኩ። ልጁ ሒሳብ ይችል ነበር።

ስድስት ፈረሶች ሦስቱን ቦታዎች የሚይዙበት መንገድ 6 ሲባዛ በ5 ሲባዛ በ4 ነው፤ 120። አራት ፈረስ ስትይዝ ከነዚህ ውስጥ 4 ሲባዛ በ3 ሲባዛ በ2፣ 24ቱን ገዝተሃል። አንዱ 10 ብር ከሆነ 240 ብር ከፈልክ። ቢገባልህም የሚከፈልህ በአንዱ ብቻ ነው። 23ቱ የግድ ይቃጠላሉ። ፈረሶቹ እኩል ዕድል አላቸው ብንል ከአምስት ውድድር አንዴ ይገባልሃል። ባትከስርም ባታተርፍም እንኳ ያቺ አንዷ 1,200 ብር ማምጣት አለባት። ልጁ የተከፈለው 800 ነው።

ሐሳቤ ይኼ ነው፤ አንድ ፈረስ የሚይዝ ይያዝ። በኮምፒውተር ፈረስ ላይ ግን ደርድሮ መወራረድ ይከልከል።

ከደርባን የተመለሰው፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ዘጠኝ ዓመት ሱቅ ነበረኝ። እዚያ ግሬይቪል የሚባል የፈረስ ሜዳ አለ። ትልቁ ውድድር ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ የኖረ ነው። ሁለቱን በቅደም ተከተል መገመት ኤግዛክታ ይባላል፣ ሦስቱን ትራይፌክታ፣ አራቱን ኳርቴት። የስድስት ውድድር አሸናፊዎችን መገመት ደግሞ ፒክ ሲክስ ነው። ሰዉ ጋዜጣ ዘርግቶ ያጠናል። ፈረሱ ስንት ኪሎ ተሸከመ? ጋላቢው ማነው? ከስንተኛው በር ነው የሚነሳው? ዕውቀት አለበት።

ገንዘቡም የተወራራጆቹ ነው። አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፣ አዘጋጁ ድርሻውን ይቆርጣል፣ የቀረውን አሸናፊዎች ይካፈሉታል። ይኼን አሠራር በ1860ዎቹ ፓሪስ ላይ የጀመረው ጆሴፍ ኦለር ነው። በፒክ ሲክስ ድርሻው የሚቆረጠው አንዴ ብቻ ነው። ስድስቱን ውድድር በየተራ ብታስይዝ ግን ስድስት ጊዜ ይቆረጥብሃል። ታዲያ መደርደሩ ምን አጠፋ?

መምህሩ፦
ጋሼ፣ ስለ ደርባኑ ልክ ነዎት፤ እኔም ተምሬበታለሁ። እዚህ ግን ቋት የለም። ኦዱን፣ ማለትም ካሸነፍክ ያስያዝከው ስንት እጥፍ እንደሚከፈልህ የሚወስነውን ቁጥር፣ የሚያወጣው ቤቲንግ ቤቱ ራሱ ነው። ውድድሮቹን ስናያይዝ ኦዱ ይባዛል፣ ከኦዱ ውስጥ ቤቱ የሚያስቀረውም አብሮ ይባዛል። ቤቱ ከ100 ብር 10 ብር ያስቀራል እንበል። ስድስት ውድድር ያያያዘ ሰው በአማካይ የሚመለስለት 53 ብር ገደማ ነው።

የሚጠናውስ ምኑ ነው? የኮምፒውተር ፈረስ ኪሎ አይሸከምም፣ ትናንት ሮጦ አልደከመም። ማሽን ያወጣው ቁጥር ነው።

ባጃጅ ነጂው፦
እኔ ልናገር፣ ደርሶብኛልና። ከመናኸሪያ ወደ ፍቅር ሐይቅ ነው የምሠራው። ምሳ ሰዓት ላይ ገባሁ። አራት ፈረስ፣ 240 ብር። በመጀመሪያው 2፣ 5 እና 1 ወጡ። ሁለቱ የኔ ናቸው፣ 1 ግን አልነበረኝም። በአንድ ፈረስ ስትሸነፍ የተሸነፍክ አይመስልህም። «ለጥቂት ነው» ትላለህ። ደግሞ ቆረጥኩ። አምስት ውድድር፣ 1,200 ብር። የባጃጁ ባለቤት ገቢ ነበር። ማታ ቁልፍ ሳስረክብ ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም።

አንድ ፈረስ ብቻ ይዤ ብሸነፍ ኖሮ ቶሎ እወጣ ነበር። ያቆየኝ ያ «ለጥቂት» ነው። ስለዚህ ከመምህር ጋር ነኝ።

የታቦር ሥሯ እናት፦
ልጆቼ፣ እኔ ደግሞ አንዱም እንዲቀር ነው የምፈልገው። ቤቴ ሁለት ወንዶች አሉ፣ ሁለቱም ሥራ የላቸውም። የአንዱ ፈረስ መንገድ ክፍት ከሆነ የአራቱም አይዘጋም።

ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ፒያሳ፦
እናቴ፣ ልክ ነዎት፣ ግን ቤቱ ቢዘጋ ስልኩ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማሽኑን ማን ያያል? በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ቺካጎ አጠገብ፣ በእውነተኛ ፈረሶች ውድድር የሆነውን ላንሳ። ውርርዱን በሚያስተናግደው ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራመር የጓደኛውን የፒክ ሲክስ ቲኬት ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ቀየረው። የመጀመሪያዎቹ አራት አሸናፊዎች ከታወቁ በኋላ ማለት ነው። ሽልማቱ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የተጋለጡት በመጨረሻው ውድድር ማንም ያልጠበቀው ፈረስ ስላሸነፈና ትክክል የሆኑት ስድስት ቲኬቶች ሁሉ የዚያ ጓደኛው ስለነበሩ ነው። ሁሉም ዓይን እያየ ይኼ ከሆነ፣ ፈረሱ ራሱ ፕሮግራም የሆነበት ቦታ ቁጥጥሩ መጥበቅ የለበትም? የኛን ቤቶች አልከሰስኩም። ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ሎተሪ እንዲመልስልኝ ነው የምጠይቀው።

ገንዘብ ተቀባይዋ፦
ቤቲንግ ቤት ውስጥ ቲኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ። በዚህ ደሞዝ ታናሽ እህቴን አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ዝጉት ሲባል ያስፈራኛል። ግን የመምህርን ሒሳብ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አብዛኛው ደንበኛ «አራት ፈረስ በ10 ብር» ብሎ ነው የሚመጣው። 240 ስለው ይደነግጣል። ከኋላው ወረፋ ስላለ ግን ይከፍላል። 24 ቲኬት መግዛቱን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ከደርባን የተመለሰው፦
እህቴ፣ ዋናው ነገር ያንቺው ነው። እኔ ክልከላውን አሁንም አልደግፍም። ይልቅ ሰውየው ከመክፈሉ በፊት ስንት ቲኬት እንደገዛና ስንቱ የግድ እንደሚቃጠል ይነገረው። ደርባን ላይ እኔም መጀመሪያ ሳይገባኝ ነው የከፈልኩት፤ ያስረዳኝ አንድ ሽማግሌ ነው።

መምህሩ፦
ጋሼ፣ ክልከላውን አልተውኩም። ግን እስከዚያ ድረስ የእርስዎ ይጀመር። እህቴ፣ ሒሳቡን በአንድ ገጽ አሳጥሬ ብጽፍልሽ መስኮትሽ ላይ መለጠፍ ያስችሉሻል?

ገንዘብ ተቀባይዋ፦
ሥራ አስኪያጁን ነገ ጠዋት እጠይቃለሁ። ከከለከለኝም ወረፋ ለያዘው ሰው በቃሌ እነግራለሁ። 24 ነው፣ 23ቱ ይቃጠላሉ። ለመናገር ብዙ ጊዜ አይወስድም።