የገጠር ወረዳ ሰው የመረጠውን ተወካይ የት ያገኘዋል?

የገበሬ ልጅ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ አባቴ ግን ከሲዳማ ወረዳዎች በአንዱ፣ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ቡና ያመርታሉ። ከቀበሌያቸው ወደ እሸት ቡና መፈልፈያው የሚያሻግረውን የእንጨት ድልድይ በክረምት ጎርፍ ወስዶታል። ጥቅምት ላይ ቡናው ሲቀላ ሰዉ ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ በውሃው ውስጥ ይሻገራል። እሸት ቡና ደግሞ ማደር አይወድም፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይበላሻል። መሻገር ያቃተው ወንዙ ዳር ለሚጠብቅ ነጋዴ በተባለው ዋጋ ይለቀዋል፣ አለዚያም ከነገለፈቱ አድርቆ ጀንፈል ያደርገዋል።

ወረዳው ሲጠየቅ «በጀት ሲለቀቅ» ይላል። አባቴም «የመረጥነው ሰው አለ አይደል፤ ለእሱ ንገሪልኝ» አሉኝ። ከተማ ስለምኖር ተወካዩ ጎረቤቴ ይመስላቸዋል! በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ፎቶውን ግድግዳ ላይ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኩንም ሆነ ቢሮውን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የት ነው የሚገኘው? ደብዳቤ ቢጻፍለትስ ይደርሰዋል?

ታቦር ሥር፦
በሚቀጥለው ምርጫ ዋዜማ ራሱ ይፈልግሻል፤ አትድከሚ።

ሐይቅ ዳር፦
እንዲህ በጅምላ ባንፈርድ ጥሩ ነው። የእናቴ አገር ተወካይ ለቅሶ አያመልጠውም። ሰዉም ይህን ስለሚያውቅ ጉዳዩን ይዞ ድንኳን ውስጥ ይጠብቀዋል። ሟች ሳይቀበር የመብራት ጥያቄ ሲነሳ ሰምቼ አፍሬአለሁ፤ ግን ሌላ የት ያግኙት?

ጡረተኛው ጸሐፊ፦
እህቴ፣ በአንድ ወረዳ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ለብዙ ዓመታት ቃለ ጉባኤ ስይዝ ኖሬአለሁ። ተወካዩ አይገኝም የሚባለው ግማሹ እውነት ነው። ይገኛል፤ የሚገኘው ግን በሌላ ሰው በኩል ነው።

በመጀመሪያ ጊዜውን እዪ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ላይ ተጽፏል። በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የካቲት ላይ ይውላል። ተወካዩ ወደ መራጩ የሚወርደው በዚህ ዕረፍትና በክረምት ነው። እንግዲህ ከቡናው ጋር አስተያዪው። አባትሽ ጆንያ ተሸክመው ውሃ ውስጥ ሲገቡ እሱ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ነው። የካቲት ሲመጣ ቡናው ተሸጧል፣ ወንዙም ጎድሏል፤ «ና ድልድዩን ላሳይህ» ብትይው ጫማውን ሳያረጥብ ይሻገራል። ክረምት ላይ ደግሞ መኪናው ቀበሌው ድረስ ስለማይገባ ሕዝቡ ወደ ወረዳው አዳራሽ ይጠራል።

ዋናው ነገር ያለው አዳራሹ ውስጥ ነው። የመራጭ ተመራጭ መድረክ ሲዘጋጅ ወረዳው ለየቀበሌው ኮታ ይሰጣል፤ ቀበሌውም ስም ይልካል። የሀገር ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ሴት ተብሎ የሚላከው ከዓመት ዓመት ያው ሰው ነው። ፊት ለፊት ተወካዩና የወረዳው አስተዳዳሪ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ወረዳው የበደለው ገበሬ ዕድል ቀንቶት ቢገባ እንኳ ቅሬታውን የሚናገረው ወረዳው በጠራው ስብሰባ፣ አስተዳዳሪው ዓይን ዓይኑን እያዩት ነው። ጥቂት ሰዎች ከተናገሩ በኋላ መድረክ መሪው «ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ ተጠቃለው ይመለሳሉ» ይላል። የአባትሽ ድልድይ ቃለ ጉባኤው ላይ «የመሠረተ ልማት ችግር» ተብሎ ይሰፍራል። የሌላው ቀበሌ የውሃ ቧንቧም፣ የሌላው መብራትም እዚያችው ሐረግ ውስጥ ናቸው። ተወካዩ ይዞ የሚመለሰው እሷን ነው። በሶንጎ፣ በሲዳማ ባህላዊ ሸንጎ፣ ሽማግሌዎች ፊት ሁሉም ሐሳቡን በራሱ አንደበት እየተናገረ ያደገ ሰው አዳራሽ ሲገባ ጸጥ የሚለው ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገባኝ ነበር።

ስለዚህ በመድረኩ አትተማመኑ። አንድ ገጽ ጻፉ፤ የወንዙን ስም፣ ቀበሌውንና በድልድዩ የሚጠቀመውን አባወራ ቁጥር አስቀምጡ። በጥቅምት፣ ሰዉ ውሃው ውስጥ እያለ የተነሳ ፎቶ ይኑረው። አንዱን ቅጂ ስብሰባው ለሻይ ሲበተን ለተወካዩ በእጁ ስጡት፤ ሌላውን ለወረዳው ምክር ቤት አስገቡና የመዝገብ ቁጥር ተቀበሉ።

ደግሞም የፌዴራሉ ተወካይ ድልድይ የሚያሠራበት በጀት በእጁ የለም፤ ሥልጣኑ መጠየቅና መከታተል ነው። የገጠር መንገድ የክልሉ ጉዳይ ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ የክልሉ ምክር ቤት የሚሰበሰበው እዚሁ ሐዋሳ ነው፤ አባትሽ ለዚያም ተወካይ መርጠዋል። ይህን ሁለተኛውን ሰው የሚያስታውሰው የለም፤ ላንቺ ግን የሚቀርብሽ እሱ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ወረዳው መልስ ከነፈጋችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ በቃል የቀረበ አቤቱታም ያለ ክፍያ ይቀበላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይናገራል።

ጡረተኛው ጸሐፊ፦
እንባ ጠባቂው ለመልስ መንፈግ ጥሩ ነው። አንቀጽ 12ን ግን አንድም ገበሬ ሲጠቀምበት አላየሁም፤ በእሱ ከተጀመረ አባቷ ሌላ አዝመራ ያልፋቸዋል።

የገበሬ ልጅ (ሐዋሳ)፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የክልሉን ተወካይ ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ወረቀቱ ላይ የቀበሌው ማኅተም ያስፈልጋል? አባቴና ጎረቤቶቻቸው ብዙዎቹ መጻፍም አይችሉም።

ጡረተኛው ጸሐፊ፦
የሕዝብ አቤቱታ ነው፤ ያለ ማኅተም ስጡት። ማኅተም ልትጠይቁ ከሄዳችሁ ሊቀመንበሩ «ተዉት፣ እኔ አቀርበዋለሁ» ይላችኋል፤ ወረቀቱም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። መጻፍ የሚችል ይጻፍ፤ የማይችለው ከስሙ ጎን የአውራ ጣቱን አሻራ ያኑር። ቀኑን እንዳትረሱ።