የበገናው ወፍራም ድምፅ የት ገባ? ቤት የሠራሁት የማይክ ባትሪ ሳጥን ላይ እርዳታ እፈልጋለሁ

የአራት ኪሎዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አባባ በገና ይደረድራል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴ ሲገባ ቤታችን በበገና ነው የሚያመሸው። ዘንድሮ ጣቶቹ ትንሽ ከብደውታል። ስለዚህ ጾሙ ሳይፈታ የሚችላቸውን መዝሙሮች በሙሉ ልቀዳ ቆርጫለሁ።

በእጄ ያለው ኪስ ውስጥ የሚገባ መቅረጫ ነው። ባለ 3.5 ሚሊ ስቴሪዮ ጃክ መግቢያ አለው። መግቢያውን ማይክ (ለደካማ ድምፅ) ወይም ላይን (ለጠንካራ ድምፅ) ብሎ መምረጥ ይቻላል። ፕለግ ኢን ፓወር የሚባል፣ መቅረጫው ራሱ በጃኩ በኩል ለማይኩ ትንሽ ቮልት የሚሰጥበት ምርጫም አለው። ሁለት ትንንሽ ኤሌክትሬት ማይኮች (ለመሥራት ቮልት የሚፈልጉ) ገዛሁና የባትሪ ሳጥን ራሴ ሠራሁላቸው። ውስጡ አንድ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ አለ። ለእያንዳንዱ ማይክ አንድ 2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 104 የሚል የተጻፈበት አንድ ትንሽ ካፓሲተር ገብቷል። ሳጥኑ የላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ ነው።

ዋናው ችግሬ ወፍራሞቹ አውታሮች አለመሰማታቸው ነው። ዝዝዝ የሚለው ንዝረት አለ፤ ከሥሩ ያለው ድምፅ ግን የለም። አባባም ሲዘምር በስልክ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ሌላው፣ እምምም የሚል ድምፅ ይገባል፤ የጃኩን ብረት በጣቴ ስነካው ይቀንሳል። ጃኩን ስሰካ ደግሞ ጆሮ የሚበጥስ "ጓ!" ይላል። ማይኮቹ ርካሽ ስለሆኑ ነው? ሌላ ልግዛ?

ሰባራ ባቡር፦

እህቴ፣ ፕለግ ኢን ፓወሩን አብሪው። የመቅረጫው ቮልት ከ9ኙ ጋር ሲደመር ማይኩ የሚጠነክር ይመስለኛል።

ሬዲዮ ጠጋኝ፦

ልጄ፣ ገንዘብሽን ያዢ። ማይክ አትግዢ። መጀመሪያ ይለካ።

ቴስተርሽን (የቮልት መለኪያሽን) ዲሲ ቮልት ላይ አድርጊ። ጥቁሩን ግራውንድ (የባትሪው ኔጋቲቭ መስመር) ላይ፣ ቀዩን ሬዚስተሩና ማይኩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያዢ። ሙሉውን 9 ቮልት ካሳየ ማይኩ ምንም እየሳበ አይደለም፤ ሽቦ ተቆርጧል ወይ ሶልደሩ አልያዘም። ዜሮ ካሳየ ሾርት አለ፣ መነካካት የሌለባቸው ሽቦዎች ተነካክተዋል። 8 አካባቢ ከሆነ ማይኩ ጤነኛ ነው። እንዲህ ዓይነት ማይክ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊ አምፒር ገደማ ይስባል። ያ በ2.2 ኪሎ ኦሙ ሲያልፍ 1.1 ቮልት ይበላል፤ 7.9 ለማይኩ ይተርፋል።

እኔ የጠረጠርኩት ካፓሲተሩን ነው። 104 ማለት 10 ሆኖ ከኋላው 4 ዜሮ፣ በፒኮፋራድ። 100,000 ፒኮፋራድ ማለት 0.1 ማይክሮፋራድ ብቻ ነው። የካፓሲተሩ ሥራ የባትሪው ቮልት ወደ መቅረጫው እንዳያልፍ አግዶ ድምፁን ማሳለፍ ነው። ትንሽ ሲሆን ግን ቀጭኑን ድምፅ ያሳልፍና ወፍራሙን በር ላይ ያስቀረዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ያንቺን ሬዚስተርና የመቅረጫውን መግቢያ ኦም ደምሪ። በካፓሲተሩ ማይክሮፋራድ አባዢው። 159,000ን ለውጤቱ አካፍዪ። የማይክ መግቢያው 2 ኪሎ ኦም ነው ብንል ከ2.2 ጋር 4,200 ኦም ይሆናል። በ0.1 ሲባዛ 420። 159,000 ለ420 ሲካፈል ወደ 380 ኸርዝ (በሰከንድ 380 ንዝረት) ይመጣል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እየሳሳ ይሄዳል ማለት ነው። የወንድ ድምፅ ውፍረትና የበገናው መሠረት ያለው እዚያ ታች ነው! ንዝረቱ የተረፈው ከፍ ያለ ድምፅ ስለሆነ ነው። 10 ማይክሮፋራድ ብታደርጊበት ቁጥሩ ወደ 4 ኸርዝ ይወርዳል። ጆሮ ከዚያ በላይ ነው የሚጀምረው፤ ምንም አይቀርብሽም።

ባለ 10 ማይክሮፋራድ፣ 16 ወይም 25 ቮልት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ሁለት ግዢ። እነዚህ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አላቸው። ጎኑ ላይ የመቀነስ ምልክት ያለበት መስመር ኔጋቲቩ ነው። እሱ ወደ መቅረጫው፣ ፖዘቲቩ ወደ ማይኩ ይዙር።

ሰባራ ባቡር፣ ሐሳብህ በቅን ልብ ነው፤ ግን ሁለቱ ቮልቶች አይደመሩም። ካፓሲተሩ መሃል ቆሟል፣ የመቅረጫው ቮልት ማይኩ ጋ አይደርስም። ደግሞ ሳጥኑ ሲጠፋ ከመቅረጫው የሚመጣው ቮልት ኤሌክትሮላይቲኩን በግልባጭ ይይዘዋል። ሳጥኑ ካለ ፕለግ ኢን ፓወር ይጥፋ።

ሰባራ ባቡር፦

ገባኝ ጋሼ። ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የአራት ኪሎዋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አሁኑኑ ለካሁ። ግራው 7.8፣ ቀኙ 7.9 ነው። ማይኮቹ ደህና ናቸው ማለት ነው! ካፓሲተሩን ነገ ከመርካቶ አመጣለሁ። እምምም የሚለውስ?

እሪ በከንቱ፦

እሱ የሳሙና ማስቀመጫው ነው። ላስቲክ ምንም አይከልልም። በግድግዳው ውስጥ ያለው የመብራት መስመር 50 ኸርዝ ላይ ይርገበገባል፣ ያንቺ ሽቦዎች እንደ አንቴና ይቀበሉታል። በጣትሽ ስትነኪው መቀነሱ ራሱ ምስክር ነው። ባዶ የሻይ ቅጠል ወይም የከረሜላ ቆርቆሮ ፈልጊ። ሁሉንም እዚያ ውስጥ አስገቢ፤ ከግራውንዱ አንድ አጭር ሽቦ አውጥተሽ ከቆርቆሮው ጋር ሶልደር አድርጊው። ቀለም ካለው መጀመሪያ በአሸዋ ወረቀት ፍቂው፣ አለዚያ ሶልደር አይዝም። ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ ከቆርቆሮው ጋር እንዳይነካኩ ከሥር ወፈር ያለ ካርቶን አንጥፊ።

ከሳጥኑ ወደ ማይኩ የሚሄደውም ሽቦ ይታይ። ውስጡ ዙሪያውን በቀጫጭን ሽቦ የተጠቀለለ የኦዲዮ ኬብል መሆን አለበት። ያ ጥቅል ሽቦ ከግራውንድ ጋር ይያያዛል። የማይኩን ጀርባ ስታዪ ሁለት የሶልደር ነጥብ አለ፤ ከብረት ገላው ጋር የተያያዘው ግራውንድ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትቀጂ መቅረጫው ቻርጀር ላይ ነው?

የአራት ኪሎዋ፦

አዎ፣ እንዳይዘጋብኝ ብዬ ሁሌም ሰክቼው ነው።

እሪ በከንቱ፦

ንቀይው። በራሱ ባትሪ ይሥራ። የቻርጀር ድምፅ በግራውንድ በኩል ገብቶ ይረብሻል። ሰዎች ይሄንን ሳያዩ ስንት ቀን ሳጥን ሲፈቱ ይከርማሉ።

ሬዲዮ ጠጋኝ፦

የ"ጓ!" ነገር ቀርቶ ነበር። ካፓሲተሩ ከጃኩ በኩል ቻርጅ የሚያደርግበት መንገድ ስለሌለው መቅረጫው ውስጥ ነው የሚያራግፈው። ከካፓሲተሩ ኔጋቲቭ እስከ ግራውንድ ድረስ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገቢበት፣ ለግራም ለቀኝም። ከዚያ መጀመሪያ ሳጥኑን አብሪ፣ 5 ሰከንድ ጠብቂ፣ ቀጥሎ ጃኩን ስኪ።

ማብሪያ ማጥፊያም አድርጊለት። ሁለቱ ማይኮች አንድ ላይ 1 ሚሊ አምፒር ገደማ ይስባሉ። ደህና አልካላይን ድንጋይ 500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ማብሪያ ከሌለው በ3 ሳምንት ተቀምጦ ያልቃል። ጃኩ ላይ ጫፉ ግራ፣ መሃሉ ቀኝ፣ ሰፊው የኋላው ግራውንድ ነው። ነጠላ ጃክ እንዳትጠቀሚ፣ ቀኙን ከግራውንድ ጋር ያገናኝብሻል።

ጃንሜዳ፦

እኔ መንፈሳዊ ዝማሬ እቀዳለሁ፣ ስለ አቀዳዱ ጥቂት ልበል። ለበገና ማይክ መግቢያውን ተጠቀሚ። በገና ዝግ ያለ መሣሪያ ነው፣ ላይን ላይ ይጠፋል። እኔ ላይን የምጠቀመው ጥምቀት ላይ ከበሮ አጠገብ ስቆም ነው። የባትሪ ሳጥን ጥቅሙ የሚታየው እዚያ ነው፤ 9 ቮልት ያገኘ ማይክ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣበት ቶሎ አይሰነጠቅም። እውነቱን ለመናገር ለአባትሽ በገና ማይኮቹን ያለ ሳጥኑ በፕለግ ኢን ፓወር ብቻ ብትሰኪያቸውም በቂ ሊሆን ይችላል። ግን ሠርተሽዋል፣ ጨርሺው፤ ለክብረ በዓል ይሆንሻል።

ማይኮቹን ከበገናው ገበታ ግማሽ ሜትር ያህል አርቂ፣ ቁመታቸው በበገናው ቆዳና በአባትሽ አፍ መካከል ይሁን። በገና ደርዳሪ በለሆሳስ ነው የሚዘምር፣ ከገበታው ብቻ ከቀዳሽ ቃሉ ይዋጣል። ድምፁ ከፍ ባለበት ቦታ የመቅረጫው የድምፅ መለኪያ ከ-12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርገሽ አስተካክዪ፣ በ24 ቢት ጥራት ቅጂ። የፍሪጁን ሶኬት ንቀይ። አራት ኪሎ ከሆንሽ ደግሞ ታክሲው ጋብ እስኪል ማምሸት ነው።

የአራት ኪሎዋ፦

በቃላችሁ መሠረት ሁሉንም አደረግሁ። ካፓሲተሩ ተቀየረ፣ ሳጥኑ ወደ ሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ገባ፣ ቻርጀሩ ተነቀለ። "ጓ!" የለም። እምምም የለም። ትናንት ማታ ሰፈሩ ጭር ሲል አንድ መዝሙር ቀዳሁና ለአባባ ጆሮ ማዳመጫ አደረግሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። እኔ ጥሩ ነው እስኪለኝ እጠብቃለሁ። አውልቆ ሰጠኝና "ሦስተኛው አውታር ወርዷል፣ አልሰማሽም እንዴ?" አለኝ። በገናውን አንስቶ መቃኘት ጀመረ። ዛሬ ማታ እንደገና እንቀዳለን።

ሬዲዮ ጠጋኝ፦

እሰይ ልጄ! ስትጨርሺ ሳጥኑን ማጥፋት አትርሺ። ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።